የመሄጃው ወረቀት

ባጃጁ ከደቻቱ ድልድይ ወርዶ ወደ ሳቢያን ሲታጠፍ ልጄ ዐያንሌ እንደ ልማዱ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና ወደ ውጭ አመለከተ።

«ያንን አንብቢልኝ፣ ሆዮ።»

«የጎማ... ጥገናና... እጥበት» አልኩት።

«ከሥሩስ?»

«ባጃጁ እየሮጠ ከሥሩ ያለውን ማን ያያል?»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ገና በጠዋቱ ጉንጩን በጫት የወጠረ ወጣት ነው። «ማዘር፣ ልቁምልሽ እንዴ? በየታፔላው እቆምልሻለሁ፤ ግን ኮንትራት ነው የሚሆነው።»

«አቦ አንተ ንዳ!» አለው ዐያንሌ እየሳቀ። «እናቴ ዛሬ ፈተና አለባት።»

«የመንጃ ፈቃድ?»

«ከሱ ይከብዳል።»

«ከሱ የሚከብድማ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው፣ ወላሂ» አለ ሹፌሩ።

እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን የሳቅሁት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ጊዜው የ2016 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ነበር፤ በሒጅራው ደግሞ ሻዕባን ሃያ አራት። ረመዳን ሊገባ ሳምንት አልቀረውም። እኔ ሆዳን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሽቲና ድሪዓ የሚባል የሴት ልብስ፣ አልፎ አልፎም የልጆች ጫማ እሸጣለሁ። ሆዮ ማለት በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ እናቱን ሆዮ ይላታል፤ እናትም መልሳ ልጇን ሆዮ ትለዋለች። ባዕድ ሰው ሲሰማን ማን ማንን እንደ ወለደ ግራ ይገባዋል።

ዐያንሌ ሳቢያን ውስጥ ባለው መርከዝ ሦስት ዓመት ሠልጥኗል። መርከዙ ዳዒዎችን፣ ሰውን ወደ ዲን የሚጠሩ አስተማሪዎችን ማለት ነው፣ አዘጋጅቶ ወደ ሩቅ አገር ይልካል። የገባ ዕለት ስልኩን አስረከበ፤ ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንዴ፣ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚሰጡት። ፍራሽ የለም፣ ሰሌን ላይ ይተኛሉ። ከፈጅር ሶላት በፊት ይነሳሉ፣ በተራ ያበስላሉ። ቁስል ማሰር፣ የሟች ጀናዛ ማጠብ፣ የውሃ ጉድጓድ መጥረግ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ማስተማር ይለማመዳሉ። የሄዱበት አገር ሰው ላይ ሸክም እንዳይሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ የእጅ ሥራ ይይዛሉ። የኔው ስፌት ያዘ። ጁምዓ ጁምዓ ገበያ እየመጣ፣ ከሱቄ አጠገብ በምትሰፋው በዚነት መኪና የሰው ሱሪ ያሳጥር ነበር። ሲገባ ቀበቶው ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር የሚዘጋው፤ በሦስተኛው ዓመት ቀዳዳው አልቆ በምስማር ሌላ በሳለት።

ኪስዋሂሊም ተማረ። አንድ ዓመት ለዒድ ፈቃድ አግኝቶ ቤት ሲያድር፣ በእንቅልፉ በማላውቀው ቋንቋ ሲያወራ ሰማሁት። ተቀምጬ አዳመጥኩ። አንድ ቃል አልገባኝም። ይሄ ልጅ ገና ሳይሄድ ሄዷል አልኩ በሆዴ።

ከመርከዙ ተመርጠው አገር የሚመደብላቸው ሙሳፊር ይባላሉ፣ መንገደኛ ማለት ነው። ዐያንሌ ሙሳፊር ሆኖ ለታንዛንያ ተመደበ። ግን ማሟላት ያለበት አንድ ሕግ ቀርቶት ነበር።

ሕጉ የመጣው እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት እናት በልጇ መሄጃ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። ልጁ በሄደበት በወባ ሞተ። እናትየው መጥታ መርከዙ በር ላይ ቆመች። ሲያዝኑላት፣ ሲያባብሏት ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ «ያላወቅሁትን አስፈረማችሁኝ» አለችና ሄደች። ዋናው አስተማሪ ሼህ አብዲቃድር የቀለሙን ሙዳይ በገዛ እጃቸው ሰባብረው ጣሉት ይባላል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አሻራ አይሠራም። እያንዳንዱ ሙሳፊር ከቤተሰቡ ማንበብ የማይችል አንድ ሰው ያስተምራል። ያ ሰው መሄጃውን ወረቀት ሼሁ ፊት፣ በራሱ አፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ ያነባል። ካነበበ ሁለት ነገር አንድ ላይ አለቀ፤ ልጁ ማስተማር መቻሉ ታወቀ፣ ቤተሰቡም አውቆ ፈቀደ። ካላነበበ ተጠባባቂው ይሄዳል።

ወረቀቱ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። መርከዙ ውስጥ ኦሮሞውም ሐረሪውም ሶማሌውም ስላለ፣ የሁላችን የገበያ ቋንቋ እሱው ነው። እኔ አማርኛ መናገር የጀመርኩት በልጅነቴ ነው፤ ፊደሉን ግን በአርባ አራት ዓመቴ፣ ከልጄ፣ ከየታፔላው ላይ ለቀምኩት።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ዚነት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ እኮ የሚያስቅ ነገር አለሽ። ሌት ተቀን ልጄ ሊሄድብኝ ነው እያልሽ ታለቅሻለሽ። ቁልፉ ያለው አንቺ እጅ ነው።»

«የምን ቁልፍ?»

«ማንበብ አላውቅም በያ! ምን ይሉሻል? ሽማግሌ አይገርፍሽ።»

«አስተግፊሩላህ በይ፣ ዚነት።»

«እኔስ እላለሁ። አንቺ ግን አስቢበት።»

አሰብኩበት። ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። ፍርሃቴ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የዐያንሌ አባት ሳላሕ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። «ሁለት ሳምንት» ብሎኝ ወደ ጅቡቲ ወጣ። ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር፣ ሁለት ወሩ ሦስት ዓመት ሲሆን፣ እዚያው አግብቶ ልጅ መውለዱን ከሌላ ሹፌር ሰማሁ። ስለዚህ ዐያንሌ ሙሳፊር የሆነ ዕለት የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ስንት ጊዜ። «ሁለት ዓመት» አለኝ። በሚቀጥለው ጁምዓም ጠየቅሁት። ሁለት ዓመት። አጠገቡ ተቀምጬ ክር እያቀበልኩ ጠየቅሁት። ሁለት ዓመት፣ ሆዮ፣ እስኪ ቁጠሪው፣ ሁለት ረመዳን ማለት ነው። ቆጠርኩት። ሁለት ረመዳን ትከሻዬ ይችለዋል አልኩ። በፈተናው ዋዜማ ዚነትን «አነብለታለሁ» አልኳት። እሷም ጥርሷ ላይ የያዘችውን መርፌ አውጥታ «እንግዲህ አላህ ያጽናሽ» አለችኝ።

መርከዙ በር ላይ ከባጃጅ ወረድን። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ ሽማግሌውንም ከንቲባውንም አንተ ብንለው አይቀየምም። ከዚያ በር ወዲያ ግን ታላቅ ሁሉ እርስዎ ነው። ዐያንሌ ከእኔ ጋር ሲያወራ የነበረው ድምፁ በሩን ሲያልፍ ወረደ፤ ትከሻውንም ሰበር አደረገ። ግራጫ ጀለቢያው ላይ ከባጃጁ የነካውን አቧራ በመዳፉ አራገፈ። ጫማዬን አውልቄ ሳስቀምጥ ጎንበስ ብሎ አስተካከለልኝ።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ መብራት ስለጠፋ ቆሟል። ሼህ አብዲቃድር ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ፂማቸውን ሒና የነኩ ሰው ናቸው። በስተቀኛቸው ኡስታዝ ኢስሃቅ ትልቁን መዝገብ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። በግድግዳው ጥግ ተጠባባቂው ዐብዲወሊ ተቀምጧል፤ የሴቶቹን ቦታ ከሚለየው መጋረጃ ወዲህ ደግሞ ሚስቱ ሙኒያ። ሙኒያን በሰላምታ ነው የማውቃት። እሷንም ያስተማራት ባልዋ ነው። ተጠባባቂ ማለት ዐያንሌ ከወደቀ የሚሄደው ማለት ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከኔ ላይ ያሸሻሉ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሆዳን» አሉኝ ሼሁ። «ወረቀቱን ስጧት። አትቸኩይ። ከልጅሽ በቀር የሚቸኩል ሰው እዚህ የለም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ዐያንሌም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

ኡስታዝ ኢስሃቅ ታጥፎ የታሸገውን ወረቀት ፊቴ ከፈቱትና ሰጡኝ።

እዚህ ላይ ዐያንሌ ስለ እኔ የማያውቀውን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እሱ የሚያውቀው ጮክ ብዬ ፊደል በፊደል ስለቅም ነው። እኔ ግን እሱ በሌለባቸው ስድስት ቀኖች ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የጫማ ካርቶኑን፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የቀበሌውን ማስታወቂያ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ ለምጄ ነበር። ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ መሮጥ ችሎ ነበር። ለሱ ያልነገርኩት ሊሄድ ሲል ላስደንቀው ብዬ ነው።

ስለዚህ ጉሮሮዬን ሳጠራ ዓይኔ ወረደ።

ቢስሚላህ። ሙሳፊር ዐያንሌ ሳላሕ በታንዛንያ ምዕራብ በሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮች ልጆችንና አዋቂዎችን ያስተምራል። ጉዞው ሻዕባን ሃያ ሰባት ነው። የአገልግሎቱ ዘመን ሰባት ዓመት ነው። ከወላጅ ሞት በቀር ከዚያ በፊት አይመለስም።

ተመልሼ አየሁት። ሰባት የሚለው ቃል በፊደል ነው የተጻፈው። በአኃዝ ቢሆን ዓይኔ ነው እል ነበር። ቀጥሎ ያለውንም ደገምኩት። ልጄ ከሰባት ዓመት በፊት ድሬን የሚረግጠው እኔ ከሞትኩ ነው። ይህን በራሴ አፍ እንዳነብ ነው ባጃጅ አሳፍሮ ያመጣኝ።

«ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ» አሉ ሼሁ።

ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት።

«ቀስ በይ፣ ሆዮ» አለኝ ዐያንሌ በሶማሊኛ፣ በለሆሳስ። «የመጀመሪያውን ታውቂዋለሽ። ከሱ ጀምሪ።»

«አልቻልኩም» አልኩ።

«ውሃ ስጧት።»

ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ብርጭቆውን ጨረስኩት። ሁሉም በትዕግሥት ይጠብቃል። ውጭ የአይስክሬም ሻጭ መኪና ዘፈኑን እያሰማ አለፈ።

«ምናልባት ዓይንዎ ይሆናል፣ እናታችን» አሉ ኡስታዝ ኢስሃቅና የራሳቸውን መነጽር አውልቀው ሰጡኝ። ወፍራም ነው። አደረግሁት። ወረቀቱም፣ ሼሁም፣ የልጄ ፊትም አንድ ላይ ቀልጠው ፈሰሱ።

«አሁንስ?»

«ምንም አይታየኝም» አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን ከተናገርኩት እውነቱ ይሄ ብቻ ነበር።

ዐያንሌ በጉልበቱ ተነሳ። «ሼህ፣ ትችላለች! ዛሬ ጠዋት በመንገድ ላይ እንኳ...»

«ትችል ይሆናል» አሉ ሼሁ። «እኛ የምንጽፈው የሰማነውን ነው። ሆዳን ልጄ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ። ታነቢዋለሽ?»

«ማንበብ አላውቅም።»

ኡስታዝ ኢስሃቅ መነጽራቸውን ተቀብለው አጠለቁና መዝገቡ ላይ ጻፉ። ሦስት ዓመት በአንድ መስመር አለቀ። ሼሁ ወደ ጥጉ ዞሩና «ዐብዲወሊ፣ ተዘጋጅ» አሉ። ዐብዲወሊ ተነስቶ ዐያንሌን ሊያቅፈው መጣ፤ ዐያንሌም አቀፈው። ሁለት ጊዜ ጀርባውን መታ አድርጎ «መብሩክ» አለው። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ።

ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ የውዱእ መታጠቢያ ቧንቧዎች ተደርድረዋል። ቧንቧው ዳር ባለው ግንብ ላይ አስቀመጠኝና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። ቢቆጣ ጥሩ ነበር።

«አይዞሽ፣ ሆዮ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። «ሰው ፊት ማንበብ አላለማመድኩሽም። በታፔላ ብቻ ሰው አይማርም። እኔ ነኝ ያልቻልኩት፣ አንቺ አይደለሽም። አታልቅሺ እንጂ።»

በሻርፔ ጫፍ ፊቴን ጠረገልኝ። ያን አልቻልኩም።

«ሰባት ዓመት?» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ሰባት ዓመት፣ ዐያንሌ? ከወላጅ ሞት በቀር?»

«አነበብሽው» አለ።

«እስከ መጨረሻው።»

«መቼ? አፍሽ እንኳ አልተነቃነቀም።»

«ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

ግንቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ከቧንቧዎቹ አንዱ ያንጠባጥባል። ተነስቶ አጠበቀውና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሁለት ስልሽ እንኳ ምግብ አልበላ ብሎሽ ነበር» አለኝ። «ሰባት ብልሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ዛሬ ላነበው አልነበር እንዴ? ዛሬስ ምን እንድሆን ነው ያሰብከው?»

ከግንቡ ላይ የወደቀ የኒም ቅጠል አነሳ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«አንቺ ሰው ፊት አትጨቃጨቂም» አለ ቀስ ብሎ። «ሼህ ፊት ከጀመርሽ እንደማታቆሚ አውቅ ነበር። ሰባት ላይ ስትደርሺ ሊያልቅ አንድ መስመር ነው የሚቀረው። ትጨርሺዋለሽ አልኩ። ከጨረስሽ በኋላ ደግሞ... ትለምጂዋለሽ አልኩ።»

ልጄ እንዲህ አድርጎ አጥንቶኛል። ይሉኝታዬን እንደ ቋንቋ ተምሮታል። ያኔ ከአፌ የወጣውን አሁን ብደግመው ያሳፍረኛል፤ አባቱን አነሳሁበት። የአባትህ ልጅ ነህ አልኩት። ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ዓመት፣ ሁላችሁም ስትሄዱ የምታውቁት ቁጥር ሁለት ብቻ ነው አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ግባና ንገራቸው እንግዲህ!» አልኩት። «እናቴ ውሸታም ናት፣ ታነባለች በላቸው! ይላኩህ!»

«ብነግራቸው ለምን ዝም እንዳልሽ ይጠይቁኛል።»

«እና?»

«እና ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

እውነቱን ነው። የኔ ውሸት ከተገለጠ የሱም ይገለጣል። እዚያ ግንብ ላይ አንዳችን የሌላችንን አንገት እንደያዝን ተቀምጠን ነበር። ነገሩ በዚሁ እንደሚያልቅ፣ ቤታችን ገብተን እንደምንኮራረፍ፣ ከዚያ አንድ ቀን እንደምንታረቅ አሰብኩ። ዚነት «አላልኩሽም?» ስትለኝ እንኳ ታየኝ። በልቤ ጥግ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስታም ነበር። ልጄ አይሄድም።

እሱ ግን ተነሳ። ጀለቢያውን አስተካከለና ወደ ክፍሉ መሄድ ጀመረ።

«የት ነው?» አልኩት። አልዞረም። ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ጫማዬን ሳላደርግ በጋለው ሲሚንቶ ላይ ተከተልኩት።

ስደርስ ሼሁ ፊት ተንበርክኳል።

«መዝገቡ ላይ እናቴ ማንበብ አታውቅም ተብሎ ተጽፏል» ይላል። «እሱ እንዲታረም ነው የመጣሁት። እናቴ አጥርታ ታነባለች። ዝም ያለችው እኔ ስለዋሸኋት ነው። ሁለት ዓመት ነው ብያት ነበር።»

ኡስታዝ ኢስሃቅ ብዕራቸውን አነሱ፤ ከዚያ መልሰው አስቀመጡ።

ሼህ አብዲቃድር ወደ ዐያንሌ ዞሩ። «ሰባት መሆኑን መቼ አወቅህ?»

«የተመደብኩ ዕለት።»

«ስንት ጊዜ ጠየቀችህ?»

«አልቆጠርኩትም፣ ሼህ። በየጁምዓው።»

«በየጁምዓው ዋሸሃት።»

«አዎ።»

ከመጋረጃው ወዲህ ሙኒያ ቀና ስትል አየኋት። ኋላ እንደነገረችኝ ዐብዲወሊ ሰባት መሆኑን የነገራት ከዓመት በፊት ነው። አንድ ወር አኩርፋው፣ አልቅሳ ጨርሳ ነበር። እኔ ግን አልቅሼ የምጨርስበት ዓመት አልተሰጠኝም።

«እኔ የምልክህ ሰዎች» አሉ ሼሁ፣ «አያውቁህም። ዘመድህን አያውቁም። ያልታየ ነገር ትነግራቸዋለህ፣ ቃልህን ይዘው ያምኑሃል። እናትህ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ብትጠይቅህ እንኳ እውነቱን አልሰጠሃትም። ምን ብዬ ልላክህ?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው መዝገቡን ተቀበሉና፣ ከሙሳፊሮቹ ዝርዝር ውስጥ የልጄን ስም በቀጭን መስመር ሰረዙት። ለዚህ ጊዜ ብቻ አልነበረም። በዚያ ቤት የተሰረዘ ስም አይመለስም።

ያኔ ነው ያበድኩት።

«ይሂድ!» አልኩ። «ፈቅጃለሁ! ሰባትም ይሁን አሥር ይሁን ይሂድ! እኔም ዋሽቻለሁ እኮ፣ ሼህ! እኔን ሰርዙኝ!»

«አንቺ መዝገባችን ላይ የለሽም፣ ልጄ።»

ወረቀቱ አሁንም ምንጣፉ ላይ ነበር። አንስቼ ያዝኩትና ማንበብ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ቢስሚላህ አልኩ። ሙሳፊር ዐያንሌ ሳላሕ አልኩ። እንደዚያን ቀን አጥርቼ አንብቤ አላውቅም፤ አንድ ፊደል አልሳትኩም። ታንዛንያ ላይ አልተደናቀፍኩም፣ ሰባት ላይ አልቆምኩም፣ ወላጅ ሞት የሚለውንም እንደ ሌላው ቃል አልኩት። ጥሩ አድርጎ እንዳስተማረኝ ሲያዩ ይራራሉ ብዬ ነው።

«ማሻአላህ» አሉ ሼሁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ከሃያ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያነበበልን የለም። ጥሩ አስተማሪ ነበር።»

ነበር አሉ።

ኡስታዝ ኢስሃቅ «አታውቅም» ያለውን ሰርዘው ከላዩ «ታነባለች» ብለው ጻፉና መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት። «ያነበበ ይፈርማል» አሉኝ፣ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል። ብዕሩን ሰጡኝ። ስሜን በመዝገብ ላይ በእጄ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሆዳን አልኩ፣ ከተሰረዘው የልጄ ስም ቀጥሎ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት፤ በሌላ ስም የሚገለበጥ ነውና።

ግቢ ስንወጣ ፀሐዩ አናት ላይ ደርሶ ነበር። ዐያንሌ ጫማዬን ፈልጎ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። እሱ ግን ጫማውን አላደረገም።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ። «ዐብዲወሊ ኪስዋሂሊው ገና ነው። ሦስት ቀን ነው ያለው። ደብተሮቼን ላስጠናው ሼህን አስፈቅጃለሁ።»

«ከሦስት ቀን በኋላስ?»

«ልብሱንም አሳጥርለታለሁ። ቁመታችን አይገጥምም።»

«ከሱ በኋላ እኮ ነው ያልኩህ፣ ዐያንሌ።»

ወደ ኒሙ አየ። ዐብዲወሊ በር ላይ ቆሞ፣ ሊጠራው ፈርቶ ይጠብቀዋል።

«ምንጣፍ የሚጠርግ፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው ይፈልጋሉ» አለ። «ለሱ ስም መመዝገብ አያስፈልግም።»

«ቤትህስ? መቼ ነው የምትመጣው?»

አፉን ከፈተ። ሃያ ሦስት ዓመት አሳድጌዋለሁ፣ ምን ሊለኝ እንደነበር አውቃለሁ። «ለረመዳን» ሊለኝ ነበር። ቢለኝ አምኜው እሄድ ነበር፤ ገበያ ገብቼ የሚያፈጥርበትን እገዛ ነበር። በዓይኔ ለመንኩት።

አፉን መልሶ ዘጋው።

«አላውቅም፣ ሆዮ» አለኝ።

ከዚያ በር እስከ እኛ ቤት በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም።